ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከፓርላማው አብላጫ ከወጣ፣ ፓርላማው ማንን ነው የሚቆጣጠረው?

የማለዳ አንባቢ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ ነገር ግራ ገብቶኛልና እስቲ አግዙኝ።

መሥሪያ ቤታችን ለሚገቡ አዲስ ሠራተኞች ስለ መንግሥት አወቃቀር አጭር ገለጻ አቅርብ ተብያለሁ። የተሰጠኝ ግማሽ ሰዓት ነው። እንደ ማንኛውም ሰው ሦስት ሳጥን ሣልኩ፤ ሕግ አውጪ፣ ሕግ አስፈጻሚ፣ ሕግ ተርጓሚ። በመካከላቸው ቀስት ደረደርኩ። አሜሪካን ምሳሌ ሳደርግ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። ፕሬዚዳንቱ ሕጉን በቪቶ ይመልሳል፤ ኮንግረሱ በሁለቱም ምክር ቤት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካገኘ ቪቶውን ይሽራል። ዳኛውን ፕሬዚዳንቱ ያጫል፣ ሴኔቱ ያጸድቃል። ሥዕሉ ለዓይን ያምራል።

እንግሊዝ ላይ ስደርስ ተበላሸ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሱ የምክር ቤት አባል ነው። ሚኒስትሮቹም እዚያው ነው የሚቀመጡት። መንግሥት የሚመሠርተው አብላጫ ያለው ወገን ነው። ታዲያ ሁለቱ ሳጥኖች አንድ አልሆኑም? የቪቶውን ቀስትም ላስገባ ብዬ ሳነብ እንግሊዝ ውስጥ ንጉሥ ወይም ንግሥት ሕግ አልፈርምም ካሉ ዘመናት አልፈዋል፤ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ1708 በንግሥት አን ጊዜ ነው። የኢትዮጵያን ሕገ መንግሥት ባይ ደግሞ አንቀጽ 57 ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ይፈርማል፣ ካልፈረመም ሕጉ በሥራ ላይ ይውላል ይላል። ይሄኛውም ቀስት ተፋቀ ማለት ነው።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይሄ ነው። በፓርላማዊ ሥርዓት የሥልጣን ክፍፍል አለ ብዬ ሰው ፊት ልቁም ወይስ ይቅርብኝ?

ሞጋች፦

ወንድሜ ራስህን አታድክም። አንዱን ሳጥን አግዝፈህ ሣለውና ሁለቱን ውስጡ ክተታቸው፤ ጨረስክ። አብላጫ ያለው ፓርቲ ሕጉንም በጀቱንም ሹመቱንም ይዞታል። ተቃዋሚው ይናገራል፣ ንግግሩ በቴሌቪዥን ይታያል፣ ከዚያ እጅ ይወጣና ያልፋል። አሜሪካም ቢሆን ኋይት ሀውስና ኮንግረሱ በአንድ ፓርቲ እጅ የገቡ ዕለት ቀስቶችህ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ቀስት የሚሠራው ሰዎቹ ሲጣሉ ብቻ ነው።

ቃለ ጉባኤ ያዥ፦

ሞጋች የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ወድጄልሃለሁ። ግን ማን ከማን ጋር ሲጣላ? አንተ መንግሥትና ተቃዋሚ ብቻ ነው የታዩህ። በለንደኑ ምክር ቤት ተቃዋሚው ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ የራሱ ፓርቲ ሰዎች ከጀርባው። እንቅልፍ የሚነሱት ከጀርባው ያሉት ናቸው።

ሜይ 8 ቀን 1940 ኔቪል ቼምበርሌን ከ200 በላይ የድምፅ ብልጫ ያለው ጠቅላይ ሚኒስትር ነበር። በኖርዌይ የተደረገው ዘመቻ ከሽፎ ክርክሩ ጦፈ። ድምፅ ሲቆጠር 281 ለ 200 አሸነፈ። ልብ በሉ፣ አሸነፈ! ነገር ግን አርባ ገደማ የገዛ ወገኖቹ ከተቃዋሚ ጋር ቆሙበት፤ ብዙዎች ደግሞ ድምፅ ሳይሰጡ ቀሩ። ያ ሁሉ ብልጫ 81 ላይ ወረደ። በሁለተኛው ቀን ሥልጣኑን ለቀቀና ቸርችል ገባ። የትኛውም ፍርድ ቤት ወይም ቪቶ አልነካውም።

ከሰሞኑ ካላችሁ ደግሞ ጃንዋሪ 2019 አለ። ጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬዛ ሜይ ከአውሮፓ ኅብረት የመውጫውን ስምምነት ይዛ ምክር ቤት ቀረበች። 432 ለ 202 ተሸነፈች። ከተቃወሟት 118ቱ የራሷ ፓርቲ አባላት ነበሩ። በማግስቱ የመተማመኛ ድምፅ ተጠየቀባትና 325 ለ 306 አለፈች። እነዚያው ሰዎች አንድ ቀን "ዕቅድሽን አንፈልገውም" ብለው በማግስቱ "አንቺ ግን ቆዪ" አሏት። እኔ ይህን ሳነብ ሳቄ ነው የመጣው። ቁጥጥር ማለት ግን አንዳንዴ ይኸው ነው። መንግሥት ሳይፈርስ ሐሳቡ ይወድቃል።

አሁን ወደማውቀው ልምጣ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴዎች ሲሰበሰቡ ቃለ ጉባኤ ስይዝ ነው የኖርኩት። የት እንደሆነ ይቅር። ቁጥጥር ሲሞት ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ፤ ምንም ጩኸት የለውም። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች በሰዓቱ ይመጣሉ። ስላይዱ ይበራል። "መግቢያ፣ ዓላማ፣ የተከናወኑ ዐበይት ተግባራት፣ ያጋጠሙ ተግዳሮቶች..." እያለ ይሄዳል፣ አያልቅም። ለጥያቄ የቀረው ጊዜ ሻይ ሰዓት ላይ ይደርሳል። አንዱ አባል "የግዢው ሰነድ የታለ?" ይላል። መልሱ ምንጊዜም አንድ ነው፤ "በጽሑፍ እናቀርባለን።" እኔም "በጽሑፍ እንደሚቀርብ ተገለጸ" ብዬ እጽፋለሁ። በቀጣዩ ስብሰባ ቃለ ጉባኤው ይነበብና ይጸድቃል። ሰነዱ አልመጣም። ማንም አላነሳውም። እኔ ደግሞ መዝጋቢ እንጂ ጠያቂ አይደለሁም፤ እጄን እያሸሁ ዝም።

አንድ ሰብሳቢ ብቻ ልዩ ነበረች። ስብሰባ የምትከፍተው ካለፈው ቃለ ጉባኤ ያልተዘጉትን ነጥቦች በማንበብ ነው። "ይሄ መጣ? አልመጣም። ማን ነበር እሰጣለሁ ያለው? እስቲ ይነሱ።" ስላይዱ የሚበራው ከዚያ በኋላ ነው። የገዢው ፓርቲ አባል ናት፣ ያውም ነባር። ከመንግሥት ጋር ምንም ጠብ የላትም። የዘገየ ሰነድ ግን ደሟን ያፈላዋል። እሷ ወንበሩ ላይ እያለች ሰነዶች ከስብሰባው በፊት መድረስ ጀመሩ።

ስለዚህ ልጄ፣ ገለጻህ ላይ "ይቆጣጠራል" ብለህ አትለፈው። ጠይቆ ምን ማግኘት ይችላል? ካላገኘስ ምን ያደርጋል? እንግሊዞች በ1861 ላቋቋሙት፣ የመንግሥትን ሒሳብ ለሚመረምረው ኮሚቴ መላ አበጅተውለታል፤ በልማድ ሰብሳቢው ከተቃዋሚ ወገን ነው። አብላጫውን መንግሥት ይያዘው፤ አጀንዳውን የሚይዘው ግን ሌላ ሰው ነው። ለእኔ ከአንድ ቪቶ ይህ ይበልጥብኛል።

የማለዳ አንባቢ፦

ጋሼ፣ እጅግ አመሰግናለሁ። "በጽሑፍ እናቀርባለን" የምትለዋን ሳነብ የእኛን መሥሪያ ቤት ስብሰባ ነው ያየሁት። አንድ ልጠይቅዎት። ይህ ሁሉ በሰዎቹ ፍላጎት ላይ የተንጠለጠለ አይሆንም? ያቺ ሰብሳቢ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር?

ቃለ ጉባኤ ያዥ፦

ጋሼን ተውና እትዬ በለኝ።

አዎ፣ በሰዎቹ ላይ ተንጠልጥሏል። ግን ባዶ እጃቸውን አይደሉም። የደቡብ ኮሪያን ሌሊት አስታውስ። ዲሴምበር 3 ቀን 2024 ፕሬዚዳንት ዩን ሱክ ዮል በእኛ አቆጣጠር ማታ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ በቴሌቪዥን ቀርቦ ወታደራዊ ሕግ አወጀ። ወታደሮች የምክር ቤቱን መስኮት ሰብረው ገቡ። ሠራተኞች ወንበርና ጠረጴዛ እየከመሩ በር ዘጉባቸው። አፈ ጉባኤው በስልሳዎቹ ዕድሜ አጥር ዘለሉ። እኔ ያ ምክር ቤት ውስጥ ቃለ ጉባኤ የያዘውን ሰው ነው ያሰብኩት፤ ምን ብሎ ጻፈ ይሆን?

ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ 190 አባላት ተገኝተው 190 ለ 0 ወታደራዊ ሕጉ ይነሳ አሉ። 18ቱ የፕሬዚዳንቱ ፓርቲ ሰዎች ነበሩ። ንጋት ላይ አዋጁ ተነሳ። ለምን ቢባል፣ የሀገሪቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 77 ምክር ቤቱ በአባላቱ አብላጫ ድምፅ ከጠየቀ ፕሬዚዳንቱ ማንሳት ግዴታው ነው ይላል። "ይመክራል" ወይም "አስተያየት ይሰጣል" ቢል ኖሮ የእነዚያ ሰዎች ድፍረት አጥር ላይ ይቀር ነበር። ድፍረቱ ከሰዎቹ ነው፤ መጨበጫው ከአንቀጹ።

ሞጋች፦

እትዬ፣ ኮሪያን ካነሱ እኔም ልቀጥልልዎት። ከአራት ቀን በኋላ ሰውየውን ከሥልጣን ለማገድ ድምፅ ሲጠራ የፓርቲው ሰዎች አዳራሹን ጥለው ወጡ። የተገኘው 195 ድምፅ፣ የሚያስፈልገው 200። ወደቀ። ያን ሌሊት አጥር የዘለለውን ፓርላማ ያው የፓርቲ ቀለም አሸነፈው። በሁለተኛው ሳምንት 204 አግኝቶ ያለፈው አደባባዩ በሰው ስለሞላ ይመስለኛል።

ደግሞ ሁላችሁም የሠራበትን ቀን ብቻ እየመረጣችሁ ነው። ማርች 23 ቀን 1933 በርሊንስ? የጀርመን ፓርላማ ሕግ የማውጣት ሥልጣኑን በገዛ እጁ ለሂትለር ካቢኔ አስረከበ፤ 444 ለ 94። የኮሚኒስቶቹ ተመራጮች ወይ ታስረው ወይ ተደብቀው ነበር። አዳራሹ ውስጥ የናዚ ታጣቂዎች ቆመዋል። የተቃወሙት ሶሻል ዴሞክራቶቹ ብቻ ናቸው። ሕግ አውጪ ነበር፣ ድምፅ ነበር፣ ቆጠራ ነበር። ቃለ ጉባኤም እንደነበረ አልጠራጠርም።

ጥቁር ካባ፦

ሦስተኛውን ሳጥን ረሳችሁት፤ እኔ ደግሞ እንጀራዬ እዚያ ነው፤ ልግባ።

ሞጋች ያነሳው በርሊን ትክክለኛው ፈተና ነው። አብላጫ ድምፅ ራሱን ቁጥጥሩን ሊያጠፋ ይችላል። ጀርመኖች በ1949 ሕገ መንግሥታቸውን ሲጽፉ ለዚህ ነው አንቀጽ 79 ላይ ማንም በየትኛውም አብላጫ ሊያሻሽላቸው የማይችል መሠረቶች አሉ ያሉት። የሚጠብቀውንም ፍርድ ቤት ለብቻው አቋቋሙ፤ ከ1951 ጀምሮ ካርልስሩኸ ከተማ ይቀመጣል፤ ከመንግሥቱ መቀመጫ ርቆ።

ፍርድ ቤት ጦር የለውም፣ ገንዘብም የለውም። ታዲያ ለምን ይሰማል? የሕግ ትምህርት ቤት የማይነግራችሁን ልንገራችሁ፤ አብዛኛው ነገር የዳኛው ደሞዝና ወንበር ላይ ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የፌዴራል ዳኛ ደሞዝ በሥራ ላይ እስካለ አይቀነስም ይላል። ተራ የፋይናንስ ድንጋጌ ትመስላለች። ግን በ1974 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ኒክሰንን በቢሮው የተቀዱትን የንግግር ካሴቶች አስረክብ ሲለው ውሳኔው 8 ለ 0 ነበር። ከስምንቱ ሦስቱን የሾማቸው ራሱ ኒክሰን ነው። ውሳኔውን የጻፉትም እሱ የሾማቸው የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ዋረን በርገር ናቸው። ከሾመህ ሰው የምትፈራው ነገር ከሌለህ እንዲህ መወሰን ይቀላል። ኒክሰን በሦስተኛው ሳምንት ለቀቀ።

"የአንድ ፓርቲ ሰዎች ሲሆኑ ቀስቱ ይተኛል" ለተባለውም መልስ አለኝ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1936 ከ48 ግዛቶች 46ቱን አሸንፎ ተመረጠ። ሴኔቱ ውስጥ ከ96 መቀመጫ ከ70 በላይ የፓርቲው ነበር። በማግስቱ ዓመት ሕጎቼን እየጣለብኝ ነው ያለውን ጠቅላይ ፍርድ ቤት እስከ ስድስት ተጨማሪ ዳኛ ልሹምበት አለ። የገዛ ፓርቲው ሴኔት 70 ለ 20 ወደ ኮሚቴ መለሰው፤ እዚያው ሞተ። ሩዝቬልትን የሚወዱ፣ ሕጎቹን የደገፉ ሰዎች ናቸው እምቢ ያሉት።

እንግሊዝን ያነሳኸው ወንድሜ፣ ሳጥኖችህ እዚያ ከምታስበው በላይ የተደባለቁ ነበሩ። እስከ 2009 ድረስ ከፍተኛ ዳኞቻቸው የሚያስችሉት የጌቶች ምክር ቤት (የፓርላማው ላይኛ ምክር ቤት) አባል ሆነው ነው። የተለየ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የተከፈተው ያን ዓመት ኦክቶበር ላይ ነው። አሥር ዓመት ሳይሞላው ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን ምክር ቤቱን ለአምስት ሳምንት ዘጋ። ሴፕቴምበር 24 ቀን 2019 አሥራ አንዱም ዳኞች በአንድ ድምፅ መዝጋቱ ሕገወጥ ነው፣ እንዳልተዘጋ ይቆጠራል አሉ። በማግስቱ አባላቱ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። በአህጉራችንም አለ። ኬንያ ውስጥ ሴፕቴምበር 1 ቀን 2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 4 ለ 2 የፕሬዚዳንት ምርጫውን ሰርዞ ድጋሚ ይደረግ ብሏል።

ሁሉም ሀገር ግን የመጨረሻውን ቃል ለዳኛ አይሰጥም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 83 የሕገ መንግሥት ክርክርን የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው ይላል። 11 አባላት ያሉት አጣሪ ጉባኤ መርምሮ ሐሳብ ያቀርባል፣ ምክር ቤቱ ይወስናል። ስለዚህ ስላይድህ ላይ "ፍርድ ቤት ሕግን ይሽራል" የምትለዋን ቀስት ለሁሉም ሀገር አንድ ዓይነት አድርገህ እንዳትስላት። እኔን ከጠየቅከኝ ፖለቲከኛ በፖለቲከኛ ላይ ዳኛ ሲሆን አይመቸኝም። በሌላ በኩል ያልተመረጡ ጥቂት ሰዎች የተመረጡትን ሲሽሩም ቅር የሚለው አለ፤ ክርክሩ ደግሞ የሞኝ አይደለም። ለዚያ ሌላ ርዕስ እንክፈት።

ሞጋች፦

ሩዝቬልትን አላውቀውም ነበር፤ ተቀበልኩ። በርሊን ላይ ግን ንቅንቅ አልልም።

ቃለ ጉባኤ ያዥ፦

በርሊን ላይ እኔም ካንተ ጋር ነኝ። የታጠቀ ሰው አዳራሽ ውስጥ ቆሞ የሚቆጠር ድምፅ ድምፅ አይባልም።

የማለዳ አንባቢ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስላይዱን ቀይሬዋለሁ። ሦስቱ ሳጥኖች አሉ፤ ቀስቶቹን ግን አጥፍቼ ለእያንዳንዱ ቦታ አራት ጥያቄ አስገባሁ። ማን ይሾመዋል? ማን ሊያነሳው ይችላል? ገንዘቡን ማን ይፈቅድለታል? መልስ ካልሰጠ ምን ይደርስበታል? ሠራተኞቹ በቡድን ሆነው አንዱን ሀገር ወስደው ይሙሉት ብያለሁ። እኔ ራሴ ለእንግሊዝ ስሞላው የሚኒስትሩና የምክር ቤቱ ሳጥኖች የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ይደራረባሉ፤ አራተኛው ላይ ግን ይለያያሉ። ይህን ሳይ ነው ነገሩ የገባኝ።

ማስጀመሪያ ታሪክ የኮሪያውን ሌሊት ልጠቀም ነው። "190 አባላት በአንድ ድምፅ" ብዬ ጽፌዋለሁ፤ በቂ ነው እትዬ?

ቃለ ጉባኤ ያዥ፦

በቂ አይደለም። ከስንት? ምክር ቤቱ 300 አባላት አሉት፤ የሚያስፈልገው 151 ነበር። ይህን ካልጻፍክ አድማጭህ 190 ብዙ ይሁን ጥቂት በምን ያውቃል? ከአብላጫው መስመር በስንት እንዳለፉም ጨምርበት። የ18ቱን ደግሞ በተለየ ቀለም አድርጋት።